የማግስት ተራ

ባለፈው ረቡዕ ቀን ተምታቶብኝ ጂም ቤት ሄድኩ። ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጡረተኛ ጂም ቤት ምን ይሠራል የሚል ካለ አልቀየመውም፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገሩ የስኳር ሐኪሜ ትእዛዝ ነው። ጡንቻህ እያለቀ ነውና በሳምንት ሦስት ቀን ቀለል ያለ ክብደት አንሳ ብሎ ጻፈልኝ፤ እዚሁ ቡታጅራ የምታስተምረው ልጄ ደግሞ ወረቀቱን ከኮቴ ኪስ አውጥታ አነበበችና ሳታማክረኝ ሄዳ አስመዘገበችኝ። ብታማክረኝ ኖሮ ሌላ ጂም ቤት ፈልጊልኝ እላት ነበር። ይሄኛው ያለው ፎቅ ላይ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ የበርበሬ ወፍጮ አለ፣ የወፍጮው ባለቤት ደግሞ ዘይነባ ናት። ለዘይነባ መንገር የሚገባኝና ከአርባ ዓመት በላይ ያልነገርኳት ነገር ስላለ፣ ከተመዘገብኩ ጀምሮ የምወጣውም የምወርደውም በጓሮው ደረጃ ነው።

ረቡዕ ዕለትም በጓሮው ወጥቼ፣ ትንፋሼን እስክሰበስብ በሩ ላይ ቆሜ፣ ስገባ አሰልጣኙ ሚኪ ወለሉን እየጠረገ ነበር። ትከሻው በር የሚያህል፣ አፉ ሳቅ የማይጠፋበት የከተማ ልጅ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ፋዘር፣ ዛሬ እኮ ረፍት ነዎት» አለኝ። ክንዴን ይዞም ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰሌዳ ወሰደኝ። ስሜ ከላይ ተጽፏል፣ ተካ ተብሎ፤ ከሥሩ ማክሰኞ ብረት፣ ረቡዕ ዕረፍት፣ ሐሙስ ብረት፣ ዓርብ ዕረፍት ይላል። ሚኪ እንዳልገባኝ መስሎት ማስረዳት ጀመረ። ብረቱ ጡንቻን አይገነባም፣ ያቆስለዋል እንጂ፤ የሚጠግነው ምግብና እንቅልፍ ነው፤ ሳይጠገን ደግሞ ከቆሰለ ይፈርሳል፤ በእርስዎ ዕድሜማ ጭራሽ ዕረፍቱ ከብረቱ ይበልጣል። ራሴን ነቀነቅኩለት። ይሄን ሁሉ ሚኪ ቀርቶ አባቱ ሳይወለድ ሰምቼው ነበር፣ በዚህችው ከተማ፣ በዚህችው የበርበሬ ሽታ መሀል። ከታች ወፍጮው ተነሳና ብናኙ በመስኮት ገባ፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ፣ ዓይኔም አለቀሰ። ሚኪ ይማርዎት ብሎ ውሃ አመጣልኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ሰሌዳውን ሳይ ቆየሁ።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ጥቁር ነበር። የዘይት በርሜል ተቀዶ፣ ተጠፍጥፎ፣ በባትሪ ድንጋይ ዱቄት የተቀባ። የነበረውም በጋሽ ሙላቱ ጋራዥ ጓሮ ነው። ጋራዡ አሁን የሞባይል ጠጋኞች ተርታ የተደረደሩበት ቦታ ላይ ነበር፤ ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር አይታወቅም፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ አንድ አውቶቡስ ካለፈ አቧራው እስኪወርድ ሰው ከሰው አይተያይም። ጋሽ ሙላቱ የድሮ ወታደር ነው፣ በያጅ፣ አገሩ ሩቅ፣ እዚህ ሚስት አግብቶ የቀረ። የብረት መግፊያችንን በሙሉ የሠራው በእጁ ነው። ዘንጉ የጭነት መኪና ሻፍት፣ ክብደቱ የተሰበረ ቸርኬ፣ ትንንሾቹ ደግሞ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ። መስታወታችን ከአንድ ተገልባጭ መኪና የተረፈ የጎን መስታወት ነበር፤ አንድ ክንድ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ሁለቱን ክንድ ለማየት መዞር ያስፈልጋል። ከአጥሩ ማዶ ሻይ ቤት አለ፣ ባለቤቷ ከጠዋት እስከ ማታ ቴፗን አትዘጋም። ካሴቱ ስለላላ ዘፋኙ መሀል ላይ እንደ ሰካራም ይጎተታል፣ እኛም ብረቱን በዚያው ልክ እንጎትተዋለን። አሁንም አንዳንዴ በሬዲዮ ያን ዘፈን በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው የተሳሳቱ ይመስለኛል።

የተቀቀለ እንቁላል በአሥር ሳንቲም ነበር። በስሙኒ አንድ ብርጭቆ ወተትና ዳቦ ይገኛል፣ ከመልስ ጋር። ጋሽ ሙላቱ ከብረት በኋላ ሁለት እንቁላል ያልበላ ነገ እንዳይመጣብኝ ስለሚል፣ ገንዘቡ የሌለን ቀን ሻይ ቤት በራፍ ላይ ቆመን የበላን ለማስመሰል ከንፈራችንን እያበስን ወደ ጓሮው እንገባለን። ልብሳችን በየዕለቱ አንድ ነው፣ ካናቴራና በገመድ የታሰረ ካኪ ቁምጣ። እሑድ ግን ሌላ ሰው እንሆናለን፤ ከጉልበት በታች የሚሰፋው ሱሪ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ፣ ክንድ እንዲታይ እጅጌው ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ ሸሚዝ። በመስጊዱ ጥግ ዞረን፣ ሲኒማ በሚታይበት አዳራሽ በኩል አድርገን፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እንሄድና እንመለሳለን። የትም አልደረስንም፣ ማንንም አላገኘንም፤ ታይተን መጣን እንጂ። ታዲያ እኛ ስል ሁልጊዜ እኔና ከድር ማለቴ ነው።

ከድር የመስቃን ልጅ ነው፣ አባቱ የሞተበት፤ እናቱን እማ ፋጤንና ትንሽ እህቱን ዘይነባን የሚያስተዳድር። እኔ ከቸሃ እዚህ ያለች አክስቴ ዘንድ የመጣሁ ነኝ። ያገናኘን በርበሬ ተራ ነው፤ ሁለታችንም ጫኝና አውራጅ ነበርን። አሁን የባንክ ሕንጻ የቆመበት ሜዳ ያኔ ከኅዳር እስከ ጥር በዛላ በርበሬ ቀይ ምንጣፍ ይለብሳል። አፋችንን በሻሽ አስረን ጆንያ ስንሸከም ላባችን ቀይ፣ እንባችን ቀይ፣ የምንተፋው ቀይ ነው። ቤት ገብተን እጃችንን በቅቤ አሽተን ካልታጠብን ዓይናችንን መንካት አንችልም። ጫኞች መካከል አንድ ወግ ነበር፣ በርበሬ በቆዳ ገብቶ በሽንት ይወጣል ይባላል። ወቅቱ ሲጠነክር ሽንቱ የቀላ ሰው ካለ ይሳቅበታል፣ ወተት ጠጣ፣ ያጥበዋል ይባላል፤ በቃ። ማንም ሐኪም ዘንድ የሄደ አላየሁም። ሌላም ደንብ ነበረን። እያንዳንዱ ጫኝ የራሱ ተራ አለው፤ በተራው ቀን ያልመጣ ሰው ቦታውን ለሌላ ይለቃል። የታመመ ከሆነ ግን ጓደኛው ተራውን ሊሸከምለት ይችላል፣ ተራ አስከባሪው ስሙን ሲጠራ «አለ» ብሎ የሚሸከምለት ሰው እጁን ያነሳል። ከድር ለግማሹ የከተማው ጫኝ በየጊዜው «አለ» ብሎለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚለውን ተረት እንደ ሃይማኖት ነበር የያዘው፤ ብቻ ሃምሳውን ሎሚ ሁልጊዜ እሱ ጋ እናገኘዋለን።

ጋሽ ሙላቱ ጫኞች መሆናችንን ያውቅ ነበርና ሰሌዳውን በዚያ ልክ ነው ያወጣው። መኪኖቹ የሚጫኑት በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ በገበያ ቀንና በማግስቱ። ከድር የገበያ ቀን ተረኛ ነበር፣ እኔ የማግስት። ስለዚህ ለከድር ገበያው ላይ «ሸክም»፣ ማግስቱ ላይ «ዕረፍት» ይጽፍለታል፤ ለእኔ ደግሞ በተቃራኒው። ብረት የምንገፋው ከዚያ ወዲያ ነው፣ ያውም ቀን እየዘለልን። ሸክምም ብረት ነው ይል ነበር፣ ሥጋችሁ ጆንያውን ከዘንጉ አይለይም። እዚህ አገር ከኖረ በኋላ የተማራትን ምሳሌም ይጨምርባታል። ቆጮ እንዲብላላ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ይተዋል፤ ደረሰ አልደረሰ እያለ በየቀኑ የሚከፍተው ሰው የሚበላው ሽታውን ነው፤ ሥጋም እንደዚያው ነው። እኛ እንስቃለን። ብረት በመግፋት እንጂ በመተኛት ሰው ይጠነክራል ብሎ የሚያምን ወጣት የት አለ። ከድር በተለይ ዕረፍት ያሳፍረዋል፣ ሰው ሲሠራ ተቀምጦ መዋል እንዴት ሥራ ይባላል ይላል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ፋብሪካ የሚመጡ ሰዎች በጥር ወር በትምህርት ቤቱ ሜዳ በሚደረገው የስፖርት በዓል ላይ ይገኛሉ፣ ከብረት ገፊዎች አንድ ሰው መርጠው ለፋብሪካው ቡድን ይወስዳሉ፣ ቋሚ ሥራም ይሰጡታል ተባለ። ቋሚ ሥራ ማለት ያኔ ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት አልችልም። ከጆንያ ሥር መውጣት ማለት ነው። በከተማው ውስጥ ለዚህ የሚበቃ ሁለት ሰው ነበር፣ ሦስተኛ የለም። ከሁለቱም የሚበልጠው ከድር ነው። እኔ እስከ ደረቴ የማደርሰውን ክብደት እሱ ራሱ ላይ አድርሶ፣ ከላይ ሆኖ እየሳቀብኝ፣ ሰዓት ስንት ሆነ ይለኛል። ጋሽ ሙላቱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ቂም አልያዝኩም ብል ውሸት ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወደድኩትም፣ ቀናሁበትም፤ ሁለቱን አብሬ ይዤ ነበር።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ ብረት ገፍተን ስንወጣ፣ ከድርን ጀርባዬን ያዘኝ አልኩት። ምንም አልያዘኝም ነበር። ያስተዋልኩት ነገር ግን አንድ ነው፣ ከተራዬ ቀን በኋላ ብረቱ ይከብደኛል፣ አንድ ሳምንት ተራዬ በዝናብ ምክንያት ሲቀር ደግሞ በአምስት ኪሎ ጨምሬ ገፋሁ። የጋሽ ሙላቱ ትምህርት ያኔ ገባኝ፤ በገባኝ ጊዜም የተጠቀምኩበት እንዲህ ነው። ቆሜ ብረት ስገፋ አያመኝም፣ ጆንያ ግን ስለሚያጎነብሰኝ ይወጋኛል፣ ጋሽ ሙላቱ ከሰማ ከዝርዝሩ ያወጣኛል አልኩት። ከድር መሀል መንገድ ላይ ቆመና ጀርባዬን በመዳፉ ዳሰሰ። አቧራ ያደረቀው ትልቅ እጅ ነበረው። ከዚያ ሄደ። በገበያው ማግስት ተራ አስከባሪው ተካ ብሎ ሲጣራ እጁን ያነሳው ከድር ነው። በገበያ ቀን የራሱን፣ በማግስቱ የኔን። አምስት ሳምንት።

እኔ በእነዚያ የማግስት ቀናት አክስቴ ቤት ጓሮ እንሰት ጥላ ሥር ሰሌን ዘርግቼ ተኛሁ። እንቁላሌን በላሁ፣ ወተቴን ጠጣሁ፣ ክንዴ በየሳምንቱ ሲሞላ በዓይኔ አየሁት። ከድር ደግሞ በየሳምንቱ ጎደለ። መጀመሪያ ከላይ ሆኖ ሰዓት መጠየቁን ተወ። ከዚያ ዘንጉን ሲያነሳ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ሙላቱ አንድ ቀን ሰሌዳውን በጠመኔ እየመታ ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ ሲለው፣ ከድር ሳያየኝ፣ አረፍኩ አለ። አርፈህማ እንዲህ አትሆንም፣ ሰንፈሃል አለው ጋሽ ሙላቱ፤ ለስንፍናውም አምስት ጊዜ አስደገመው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የሲሚንቶ ቆርቆሮዎቹን እደረድር ነበር። አፌን ብከፍት በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ከድር ከአጥሩ ጀርባ ጠራኝና ሽንቴ ጠቁሯል አለኝ። እንደ ጥቁር ሻይ ነው፣ ጭኔንም ያመኛል፣ ስነካው እንደ ቁስል ነው አለ። ፈርቶ ነበር፤ ከድር ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም «በርበሬው ነው፤ ወተት ጠጣ» አልኩት። ያልኩት አምኜበት ነው ወይስ አራት ቀን ብቻ ስለቀረ ነው? ይህንን ለብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ጫኝ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ለእኔም ቢጠቁርብኝ ከዚህ የተለየ አላስብም ነበር። ግን ለጋሽ ሙላቱ እንንገረው ሊል አፉን ሲከፍት፣ ዝርዝሩ ተልኳል፣ አሁን ብትናገር ሁለታችንንም ያወጣናል ማለቴም እውነት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይነባ ጠዋትና ማታ በቅል ወተት ይዛ በርበሬ ተራ ትመጣ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቅሉን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንዳይፈስባት እግሯን እያየች።

የውድድሩ ቀን ሜዳው ሞልቶ ልጆች ግድግዳ ላይ ወጥተዋል። ከፋብሪካው የመጡት ሁለቱ ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ከተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከድር ዘንጉን እስከ ደረቱ አደረሰው፣ እዚያ ያዘው፣ ጉልበቱ ከዳው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሦስቴ ሞከረ። በሦስተኛው የሆነ ሰው ሳቀ። እኔ ዘንጉን ገፋሁት፤ ከላይ ሆኜ ያየሁት የጋሽ ሙላቱን ፊት ነው፣ ደስ ብሎት ሳይሆን ግራ ገብቶት ነበር። ሰዉ ግር ብሎ ገብቶ ወደ ላይ አነሳኝ፣ በትከሻቸው ላይ አደረጉኝ። ያን ጊዜ ከሁሉ ድምፅ በላይ የከድርን ድምፅ ሰማሁ። «ጀርባውን! ጀርባውን ጠብቁለት!» እያለ በሰው መሀል እየተጋፋ መጥቶ ከኋላዬ መዳፉን ደገፈልኝ። ጋሽ ሙላቱ ይህን ሰማ። ስለ የትኛው ጀርባ ነው የሚያወራው ብሎ መጠየቅ የጀመረው ከዚያ ሰዓት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከድር ፊቱና እግሩ አበጠ፣ ሽንቱም ጭራሽ ቆመ። በአንድ የበርበሬ ነጋዴ ፒካፕ አዲስ አበባ ወሰዱት። ኩላሊቱ ሞቷል አሉ፤ ጡንቻው ከልክ በላይ ሲሠራ ፈርሶ በደም ውስጥ ገብቶ ነው ኩላሊቱን የገደለው ብለው ሐኪሞች ለአጎቱ ነገሩት፣ አጎቱም ለኛ ነገረን፣ ለማናችንም አልገባንም። ዘጠኝ ቀን ኖረ። በዚያው ፒካፕ መለሱት። ለቅሶ ስገባ እማ ፋጤ እንዳየችኝ ተነሳችና ወንዶች ከተቀመጡበት ጥግ ትራስ አምጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችልኝ፤ ከሁሉ ሰው መሀል ለእኔ ብቻ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ የልጇ የቅርብ ጓደኛ ስለሆንኩ ይሆናል ብዬ ተደገፍኩት።

ከቀብሩ በኋላ ጋሽ ሙላቱ ወደ ጓሮው ጠራኝ። በርበሬ ተራ ሄዶ ተራ አስከባሪውን ጠይቆ ነበር፣ አምስቱን ሳምንት አንድ በአንድ ያውቀዋል። ሽንቱ እንደጠቆረ ነግሮህ ነበር ወይ አለኝ። ነግሮኛል አልኩ። መቼ አለኝ። ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው አልኩ። በወታደር ቤት አዲስ ምልምሎችን ሲገርፏቸውና ሲያስሮጧቸው ሽንታቸው ሲጠቁር አይቶ ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ቢሰማ ኖሮ በጀርባው አዝሎም ቢሆን ሐኪም ቤት ያደርሰው ነበር። ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከድር በሚለው ሥር አሁንም «ዕረፍት» የሚል ተጽፏል። በእጅጌው ጠረገው፣ የኔን ግን ተወው። «አንተስ በደንብ አርፈሃል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አልተነጋገርንም። ጓሮውንም ዘጋው፣ ዘንጉን ለጭነት መኪና መልሶ ሸጠው ሲባል ሰማሁ።

እኔ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። አልሄድም ማለት ይገባኝ ነበር፣ ግን ሄድኩ። ለሃያ ስምንት ዓመት ሠራሁ፣ ለቡድኑ ብረት ገፋሁ፣ ሜዳሊያም አለኝ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ወጣቶቹን ሳሠለጥን ስለ ዕረፍት ብዙ ከማውራቴ የተነሳ ጋሽ ዕረፍት የሚል ስም አወጡልኝ። ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ማታ ሌላ ሥራ አለህ ወይ፣ ማን ያግዝሃል፣ ለማን ትሸከማለህ እላለሁ፤ ሽንት ሳይቀር እጠይቃለሁ፣ እነሱም ሽማግሌው ለየለት ብለው ይስቃሉ። ባለቤቴ ከሞተችብኝ በኋላ ልጄ ወደዚህ አመጣችኝ። ለእሷ ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም። አባቷ ያልታመመ ጀርባ ይዞ አዲስ አበባ እንደገባ አታውቅም።

ውሃውን ጠጥቼ ጨረስኩና ለሚኪ ነገ እመጣለሁ አልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የፊት ለፊቱን ደረጃ ወረድኩ። ምናልባት ረቡዕ የዕረፍት ቀን ስለሆነና ሌላ የምሠራው ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል።

ዘይነባ ወፍጮው አጠገብ ቆማ ዛላ እየቀነጠሰች ነበር። ወፍራለች፣ ዓይኗ ግን ያው የከድር ዓይን ነው። አሰላሙ አለይኩም አልኳት። ወአለይኩም ሰላም ብላ ትንሽ አየችኝና እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ «ጋሼ ተካ?» አለች። እንደዚያ ብላ የጠራችኝ ወተት ታመላልስ በነበረ ጊዜ ነው። ከቡታጅራ ሰው ሰምታ መመለሴን ታውቅ ነበር፣ አንድ ቀን ይመጣል እያለች ትጠብቀኝ ነበር። በርጩማ አመጣችልኝ፣ ከዚያም ባዶ ጆንያዎች አጣጥፋ ግድግዳው ላይ አደረገችልኝ።

«ደገፍ በል። ጀርባህስ ተሻለህ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። እሷ ግን እየቀነጠሰች ማውራቷን ቀጠለች። ከድር ያን ወር ቤት ገብቶ ተካ ጀርባውን ታሟል፣ ለጋሽ ሙላቱ እንዳትነግሩብኝ፣ ብቻ ዱዓ አድርጉለት ብሎ ነበር። ሆስፒታል እያለም ለአጎቱ የነገረው እሱኑ ነው፣ አሁን ተራውን ማን ይይዝለታል ብሎ። ልጇ በምድር ላይ የጠየቃት የመጨረሻ ነገር ስለሆነ እማ ፋጤ ሳታቋርጥ ያዘችው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር፣ ረመዳን በመጣ ቁጥር፣ የከድርን ጓደኛ ጀርባውን አሽረው ትላለች። ስትሞት ደግሞ ዘይነባን አደራ አለቻት። እሷም እስካሁን አልተወችውም። ያ ትራስ ያኔ ትዝ አለኝ።

ዝም ብዬ፣ ተሽሎኛል፣ አልሃምዱሊላህ ማለት እችል ነበር። ሁለታችንንም የሚያሳርፍ መልስ ነው። ያን ያህል ዕረፍት ግን በቅቶኝ ነበር።

«ዘይነባ፣ ጀርባዬን አሞኝ አያውቅም» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ያኔም?»

«ያኔም። ለውድድሩ ማረፍ ፈልጌ ነው የዋሸሁት። ሽንቱ ሲጠቁርም በርበሬው ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጇን ዘርግታ ማብሪያውን አጠፋችው። ወፍጮው ለማቆም ጊዜ ይወስዳል፤ ዞሮ ዞሮ፣ አቃስቶ ቆመ። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ወደ በሩ አየች፣ ወደ እጇ አየች።

«እና እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን ለማን ነው ዱዓ ስናደርግ የኖርነው?» አለችኝ።

በዚህ መሀል ባጃጅ መጣና ሹፌሩ የአንዲት ደንበኛ ግማሽ የሞላ የበርበሬ ጆንያ በራፉ ላይ ጥሎ ሄደ። ዘይነባ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔ ተነሳሁ። ጎንበስ ብዬ አፉን ያዝኩ፣ ጉልበቴ ላይ አወጣሁት፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ። በርበሬው አንገቴ ላይ ፈሰሰ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከበራፉ እስከ ሚዛኑ ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ዘይነባ እያየችኝ ተው አላለችኝም።